«ከየት መጣ?» እና «እያየኝ ገባብኝ»፦ በመሃል አዲስ አበባ ሞተረኛና ባለመኪና ለምን አይተያዩም?

በመሃል አዲስ አበባ ሞተርና መኪና በተጋጩ ቁጥር፣ ትራፊክ ፖሊስ እስኪደርስ ከበው ከቆሙት ሰዎች መሃል ሁለት ንግግሮች አይጠፉም። ባለመኪናው «ከየት መጣ? ጭራሽ አላየሁትም» ይላል። ሞተረኛው፣ መናገር ከቻለ፣ «እያየኝ ገባብኝ» ይላል። ከዚያ ክርክሩ ወደለመደበት ይሄዳል። ገሚሱ «ሞተረኛ ሕግ አያውቅም» ሲል ገሚሱ «ባለመኪና ሞተረኛን ከሰው አይቆጥርም» ይላል። ፖሊሱ መንገዱን ለክቶ ሲጨርስ ሁሉም የያዘውን ይዞ ይበተናል።

በብዙዎቹ ግጭቶች ግን ሁለቱም ሰዎች አልዋሹም። ባለመኪናው ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ነበር፤ ሞተረኛውም ይህን በዓይኑ አይቷል። ፊት ማዞርና ማየት ግን አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ምን እንደሆነ፣ ከፒያሳ እስከ ቦሌ ባሉት መንገዶች ላይ እንዴት እንደሚሰፋና በምን እንደሚጠብ ካልታወቀ፣ ጥፋተኛ ፍለጋው ቀጣዩን ግጭት አያስቀርም።

ጥያቄው አሁን ይበልጥ የሚነሳበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከዓድዋ ድል መታሰቢያ በአራት ኪሎ እስከ ቦሌ፣ እንዲሁም ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ያሉ መንገዶች ታድሰዋል፤ የእግረኛና የብስክሌት መስመርም ተለይቶላቸዋል። ለስላሳ አስፋልት ደግሞ ፍጥነትን ይጋብዛል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ መነጋገሪያ ሆኗል፤ ድምፃቸው የማይሰማ ሞተሮችም ከዚሁ ጋር መጥተዋል። ምግብና ዕቃ ማድረስ፣ በተለምዶ «ዴሊቨሪ» የሚባለው፣ የብዙ ወጣቶች እንጀራ ነው።

ከወንጀል ጥያቄ ወደ ደኅንነት ጥያቄ

የከተማዋ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለሥራ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር፣ ሞተር ሳይክል በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ አግዶ ነበር። ለእገዳው የተሰጠው ዋና ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ቅሚያና ሌላ ወንጀል እንጂ የመንገድ አደጋ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሞተር በምዝገባና በፈቃድ ሥርዓት ውስጥ ሆኖ ወደ ሥራ ተመልሷል።

ይህ ታሪክ ዛሬም በንግግራችን ውስጥ አለ። ስለ ሞተር ሲወራ ቀድሞ የሚመጣው ታርጋው፣ ማኅበሩ፣ ፈቃዱ ነው። ሞተረኛው ፍሬን እንዴት እንደሚይዝ፣ ሄልሜቱ ከምን እንደተሠራ፣ ባለመኪናው ወደ ግራ ከመታጠፉ በፊት ወዴት ማየት እንዳለበት ግን እምብዛም አይነሳም። ፈቃድ ያለው ሞተረኛ ከሌለው የተሻለ ተጠያቂነት አለው፤ ይህ ጥሩ ነገር ነው። ወረቀቱ ግን ፍሬን ሆኖ አያቆምም።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ዙሪያ በመንገድ አደጋ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት ይገምታል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። በአዲስ አበባ ትልቁን ቁጥር የሚይዙት እግረኞች ስለሆኑ፣ የሞተር ደኅንነት ሲነሳ የሞተረኛው ሕይወት ብቻ ሳይሆን ዜብራ ላይ ያለው ሰው ሕይወትም አብሮ መነሳት አለበት።

ያዩትን አለማየት

በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣውና በተመራማሪው ስም «የኸርት ሪፖርት» እየተባለ የሚጠራው ጥናት፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ መርምሯል። ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የደረሱት የመኪናው አሽከርካሪ የሞተሩን ቅድሚያ በመንፈጉ ነው። በብዛት የታየው አጋጣሚ ደግሞ ከፊት የሚመጣውን ሞተር አቋርጦ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ነው። እኛም እንደ አሜሪካ በቀኝ ስለምንነዳ ይህ ግጭት እዚህም በዚያው መልክ ይፈጠራል።

ከዓመታት በኋላ በአምስት የአውሮፓ አገሮች 921 አደጋዎችን የመረመረ ሌላ ጥናት ደግሞ ለሁለቱም ወገን ድርሻውን ሰጥቷል። በግማሾቹ ዋናው ምክንያት የሌላው ተሽከርካሪ አሽከርካሪ ስሕተት ነው፤ በ37 በመቶው የሞተረኛው። ከአሽከርካሪዎቹ ስሕተቶች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሞተሩን ካለማስተዋል የመነጩ ናቸው። ቁጥሮቹ የሌላ አገር ናቸው፤ መንገዳችንም ተሽከርካሪዎቻችንም ይለያሉ። የሰው ዓይን አሠራር ግን ሎስ አንጀለስም ካዛንቺስም ያው ነው።

ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር እንደ ካሜራ ያለማቋረጥ አይቀርጽም። ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ይዘላል፤ በዝላዩ ወቅት አእምሮ ምስሉን ለቅጽበት ይዘጋዋል። መኪና ሰፊ ስለሆነ በሁለት ነጥቦች መካከል ሊጠፋ አይችልም። ቀጭኑ ሞተር ግን ይጠፋል። ቸኩሎ ግራ ቀኝ የተገላመጠ ሰው «አይቻለሁ» ብሎ ከልቡ ሊምል ይችላል፤ አእምሮው የሞላለት ባዶ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ችግር የርቀት ግምት ነው። በቀጥታ ወደ እኛ የሚመጣ ነገር ምን ያህል እንደቀረበ የምናውቀው ምስሉ ከሚያድግበት ፍጥነት ነው። የሞተር ምስል ትንሽ ስለሆነ ዕድገቱ ለረጅም ጊዜ አይታይም፤ መጨረሻ ላይ ግን በድንገት ይገዝፋል። በእኩል ርቀትና ፍጥነት ከሚመጡ መኪናና ሞተር መካከል ሰዎች ሞተሩ ዘግይቶ የሚደርስ ይመስላቸዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ባለመኪና ሞተሩን በትክክል አይቶታል፤ ያልተረዳው ስንት ሰከንድ እንደቀረው ነው።

ሦስተኛው በመኪናው አካል ውስጥ ያለ ነው። የፊት መስታወቱንና የበሩን መስታወት የሚለየው ቋሚ ብረት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውና ከዓይን 70 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ከሁለቱም ዓይኖች የሚሰውረው ቦታ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። አንድ ሞተር ከነሞተረኛው እዚያ ውስጥ ይገባል። መኪናው ቀስ እያለ ሲታጠፍና ሞተሩ ሲቀርብ ሁለቱ እኩል ከሄዱ፣ ሞተሩ ከብረቱ ጀርባ ሳይወጣ ግጭቱ ይደርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመታጠፍ በፊት አንገትን ወደፊት ሰበር፣ ወደኋላ መለስ ማድረግ። በታክሲ ሥራ ያረጁ አንዳንድ ሾፌሮች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያደርጉታል።

ሞተረኛውስ ምን ማድረግ ይችላል? በኒውዚላንድ የተሠራና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱ ሞተረኞች የጉዳት ዕድል በ37 በመቶ ያነሰ ነበር። ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ፣ በቀን መብራት ያበሩት ካላበሩት በ27 በመቶ ያነሰ አደጋ ገጥሟቸዋል። «በቀን መብራት ምን ያደርጋል?» የሚለው ሰው ብዙ ነው። የቀን መብራት ሞተረኛው መንገዱን እንዲያይ አይደለም፤ ሌላው እርሱን እንዲያየው ነው። ከኋላ ያለው ትልቅ የዕቃ ሳጥን ጥቁር ከሆነ አንጸባራቂ ቴፕ መለጠፍ ከአንድ ጉዞ ክፍያ በላይ የሚያስወጣ አይመስለኝም።

ከሁሉም ይልቅ የሚረዳው ግን የመንገድ ላይ ቦታ አያያዝ ነው። መስቀለኛ መንገድ ጋ ሲደርሱ ከመኪና ጀርባ ተለጥፎ መሄድ፣ ከፊት ለሚመጣው ታጣፊ ሞተሩን ጨርሶ ይሰውረዋል። ትንሽ ወደኋላ ቀርቶ፣ በመስመሩ ውስጥ ትንሽ ወደ ጎን ሰፋ ብሎ መሄድ፣ ምስሉ ከመኪናው ተለይቶ እንዲወጣ ያደርገዋል። ሞተረኛው የባለመኪናውን ዓይን ከማየት የፊት ጎማውን ቢያይ ይሻለዋል። ዓይን ያያል ብሎ ማመን ያታልላል፤ ጎማ ግን መዞር ሲጀምር አይዋሽም።

ቁልቁለት፣ ምሰሶና የሚኒባስ በር

መሃል ከተማው የራሱ የሆኑ ወጥመዶች አሉት። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ከላይ ሲለቀቅ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት ፍጥነት ይጨምራል፤ መቆሚያው ርቀትም ይረዝማል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ የሚወዱ አሉ። ሞተሩ በማርሽ ሲሆን ራሱ በከፊል ይይዛል፤ ማርሽ ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ሸክም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የሚቆጠበው ጥቂት ሳንቲም ነው።

ከለገሃር በሜክሲኮ ወደ ልደታ ሲኬድ ደግሞ የቀላል ባቡሩ ምሰሶዎች ይጋርዳሉ። ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ባለው ክፍተት አንድ መኪና ሁልጊዜ በከፊል ይታያል፤ ሞተር ግን ሙሉ በሙሉ ይሰወርና ብቅ ይላል። እዚያ ለሚታጠፍ ሰው አንድ ጊዜ ማየት አይበቃም። ምሰሶው ጀርባ የነበረው እንዲወጣ ጊዜ ሰጥቶ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።

የሚኒባስ በር ነገር ግን ሰፋ ብሎ መነገር አለበት። ስታዲየም ወይም አምባሳደር አካባቢ፣ ሚኒባሱ ከጠርዙ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይቆማል። ረዳቱ በቀኝ ያለውን ተንሸራታች በር ገና መኪናው ሳይቆም ይከፍታል፤ እጁ ጣራው ላይ ነው፣ ዓይኑ መንገደኛው ላይ። ከውስጥ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ ቦርሳ ይዛ፣ አንድ እግሯን ታወርዳለች። ከኋላ የመጣው ሞተረኛ በግራ በኩል የሚያልፍበት አጥቶ በቀኝ ያለውን ያንን ሜትር ተኩል ያየዋል። ለእርሱ ክፍት መንገድ ነው፤ ለእርሷ መውረጃ ነው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ እንኳ በአንድ ሰከንድ ወደ 7 ሜትር ይጓዛል። እርሷ ደግሞ ፊቷ ወደ ጠርዙ ስለሆነ የሚመጣውን አታየውም።

እዚህ ላይ የሦስት ሰዎች ድርሻ አለ። ሾፌሩ ጠርዙን ተጠግቶ ቢቆም ያ ወጥመድ አይፈጠርም። ረዳቱ በሩን ከመክፈቱ በፊት አንገቱን አውጥቶ ወደኋላ ቢያይ ሴትየዋ በሰላም ትወርዳለች። ሞተረኛው ደግሞ የቆመ ወይም ሊቆም ያለ ሚኒባስን በቀኝ አለማለፍን የማይሻር ደንብ ቢያደርገው የሚያጣው ጥቂት ሰከንድ ነው። አዲሶቹ መንገዶች ላይ የተሠሩት የታክሲ መቆሚያዎች ይህን ችግር በእጅጉ ሊያቃልሉ የሚችሉት ታክሲዎቹ ውስጣቸው ገብተው ሲቆሙ ነው።

የቤት መኪና በርም ያው ነው። የሾፌሩ በር ወደሚነዳበት መንገድ ይከፈታል። ሆላንዳውያን የሚያስተምሩት አንድ ዘዴ አለ፦ በግራ ያለውን በር በቀኝ እጅ መክፈት። ቀኝ እጅ ወደ ግራ ሲሻገር ትከሻ ይዞራል፣ ትከሻ ሲዞር ዓይን ወደኋላ ያያል። ምንም ወጪ የለውም።

ትልልቅ አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች ጋ ሲደርስ ሌላ ቃል ማወቅ ያስፈልጋል፦ «ዕውር ቦታ»፣ ማለትም በስፖኪዮ የማይታይ ክልል። ለአውቶቡስ ከፊቱ በቅርብ፣ ከኋላው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቀኝ ጎኑ ያለው ቦታ ዕውር ነው። ሞተረኛው የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ማየት ካልቻለ ሾፌሩም እርሱን አያየውም። ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ባለ አውቶቡስና በጠርዝ መካከል መግባት ከሁሉም የከፋው ቦታ ነው፤ የኋላ ጎማው ከፊት ጎማው ይልቅ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ስለሚያልፍ ክፍተቱ እየጠበበ ሄዶ ይዘጋል።

ፍሬን፦ የሚፈራው ነገር የሚያድነው ነው

«የፊት ፍሬን ይጥላል» የሚለው አባባል በሞተረኞች ዘንድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። በብዛት ሞተር የሚለመደው ከጓደኛ ወይም ከወንድም ስለሆነ አባባሉም አብሮ ይለመዳል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በኸርት ሪፖርት ውስጥ አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 በመቶው ራሳቸው የለመዱ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ።

አባባሉ እውነት የሚሆነው የፊት ፍሬን በድንገት ሲጨመደድ ወይም በመታጠፊያ ላይ ሲያዝ ነው። በቀጥታ መንገድ ላይ ግን የማቆሙ ኃይል አብዛኛው፣ ወደ 70 በመቶው፣ የሚመጣው ከፊት ጎማ ነው። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩና የሞተረኛው ክብደት ወደፊት ይወርዳል፤ የፊት ጎማው መሬቱን ይነክሳል፣ የኋላው ይቀልላል። የቀለለ ጎማ ላይ የተያዘ ፍሬን ያንሸራትታል እንጂ አያቆምም።

በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 14 ሜትር ነው። ሞተረኛው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ ሥራ ሳይጀምር 14 ሜትር አልፏል። በደረቅ አስፋልት ሁለቱንም ፍሬኖች በአግባቡ ከያዘ 16 ሜትር ያህል ተጨምሮ በ30 ሜትር ይቆማል። የኋላውን ብቻ ከረገጠ 46 ሜትር ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ሞተረኛ በቆመበት ነጥብ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ነው። እዚያ ነጥብ ላይ የቆመ ሰው ካለ፣ የአንዱና የሌላው ልዩነት የሕይወትና የሞት ሊሆን ይችላል።

ፍጥነቱ ወደ 70 ከፍ ቢል፣ ሁለቱም ፍሬኖች ተይዘው እንኳ ማቆሚያው ወደ 50 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነት በ40 በመቶ ሲጨምር ፍሬኑ የሚፈጀው ርቀት እጥፍ ይጠጋል፤ ምክንያቱም የግጭት ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር ሳይሆን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ስልክ ላይ የትዕዛዝ አድራሻ ለማየት ዓይንን ለሁለት ሰከንድ ዝቅ ማድረግ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 28 ሜትር ዓይን ጨፍኖ እንደመሄድ ነው።

የፊት ፍሬን ፍርሃትን ከሥሩ የሚነቅለው ኤቢኤስ የሚባለው መሣሪያ ነው። ጎማው ሊቆለፍ ሲል ፍሬኑን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ለቀቅ ያዝ እያደረገ መንሸራተትን ይከላከላል። ብዙዎቹ የከተማችን ሞተሮች የሚመጡባት ህንድ፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ኤቢኤስ እንዲኖር ታስገድዳለች። ወደ አገር ለሚገቡ ሞተሮች ተመሳሳይ መመዘኛ ማስቀመጥ ዋጋ ቢጨምርም፣ ከሺህ ጊዜ ምክር ይልቅ የሚሠራ እርምጃ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው የሚቀረው ልምምድ ነው፦ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሮ፣ የፊቱን ፍሬን በመጀመሪያ ለስለስ፣ ክብደቱ ሲወርድ ጠበቅ እያደረጉ መያዝ።

ዝናብ ሁሉንም ያባብሳል። ከበጋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ዝናብ ለወራት አስፋልቱ ላይ የተከማቸውን ዘይትና አቧራ ቀላቅሎ እንደ ሳሙና ያደርገዋል። የዜብራ ቀለምና የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ብረት ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ። እነዚህ ላይ ፍሬን መያዝም መታጠፍም አይገባም፤ ቀጥ ብሎ ማለፍ ነው። ባለመኪናም ይህን ቢያውቅ ደግ ነው፤ በዝናብ ቀን ከሞተር ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ሞተረኛው ቢወድቅ ማቆሚያ የለውም።

በመኪኖች መሃል መሽሎክሎክ

ባለመኪናውን ከምንም በላይ የሚያናድደው ይህ ነው። መንገድ ተዘግቶ ሁሉም ቆሞ ሳለ ሞተር በሁለት መኪኖች መሃል ሾልኮ ያልፋል፤ አንዳንዴም ስፖኪዮ ገጭቶ ይሄዳል። በአንድ ወገን ድርጊቱ ጨርሶ መከልከል አለበት የሚል ሐሳብ አለ፤ መስመር የተሠመረው ለሁሉም ነው። በሌላ ወገን ሞተር ከመኪና ጀርባ ቆሞ መጠበቁ ከኋላ ለመገጨት ያጋልጠዋል፣ መጨናነቁንም ይጨምራል የሚሉ አሉ።

ሌሎች አገሮች በዚህ ላይ አንድ አቋም የላቸውም። ቤልጂየም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትፈቅዳለች፤ ነገር ግን ሞተሩ ከ50 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥና ከመኪኖቹ ፍጥነት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይለይ ታዛለች። በካሊፎርኒያ የተሠራ ጥናትም የፍጥነት ልዩነቱ ከ24 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ የጉዳቱ መጠን እንደሚጨምር አሳይቷል።

ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ልዩነቱ ነው። በቆሙ መኪኖች መሃል በእርምጃ ፍጥነት የሚያልፍ ሞተር እና እነዚያው መኪኖች መሃል በ50 የሚበር ሞተር አንድ ስም ሊሰጣቸው አይገባም። ከኋለኛው ግን መስመር የሚቀይር መኪናም፣ በመኪኖች መሃል የሚያቋርጥ እግረኛም ማምለጫ አይኖረውም። ባለመኪናው በበኩሉ፣ ቆሞም ቢሆን፣ መስመር ሲቀይር ፍሬቻ ቀድሞ ማብራት አለበት። መሪ ከዞረ በኋላ የበራ ፍሬቻ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

አዲሱ የብስክሌት መስመር ላይ ሞተር መግባት እንደሌለበት ግን ለክርክር የሚሆን ነገር አይታየኝም። እዚያ የሚሄዱት ሕፃናት፣ ገና ሚዛን የሚለማመዱ ብስክሌተኞችና ከእግረኛው መንገድ ፈንጠር የሚሉ ሰዎች ናቸው። ድምፅ የሌለው የኤሌክትሪክ ሞተር ሲጨመርበት ጆሮ እንኳ አይረዳቸውም።

ሄልሜት ክርን ላይ ሲንጠለጠል

ከ60 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እንዳመለከተው ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ግን ትክክለኛ ሄልሜት ሲሆንና ሲታሰር ነው። ክርን ላይ የተንጠለጠለ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ብቻ የሚጠለቅ ሄልሜት ክርንን ያድን እንደሆነ እንጂ ራስን አያድንም።

ሄልሜት ሲገዛ ከውጭ ያለው ቀለምና ስዕል ብዙ አይናገርም። ሥራውን የሚሠራው ከውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር ያለው ጠንካራ ፎም ነው። ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ጋር ዘመድ ነው፤ ግን ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ። በግጭት ጊዜ ይህ ፎም ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅ ጭንቅላቱ የሚቆምበትን ጊዜ ያራዝማል፣ አንጎልም ከራስ ቅሉ ጋር የሚላተምበት ኃይል ይቀንሳል። አንዴ የተጨፈለቀ ፎም አይመለስም። ስለዚህ ከባድ አደጋ ያሳለፈ ሄልሜት ከውጭ ሙሉ ቢመስልም ሥራውን ጨርሷል። ጨርቁን ገልጠው ሲያዩ ፎም የሌለው፣ ወይም ስፖንጅ ብቻ ያለው፣ ሄልሜት አይደለም። የግንባታ ቆብም እንዲሁ።

ማሰሪያው አገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ሆኖ መጥበቅ አለበት። ታስሮ ሳለ ከኋላ ወደፊት ሲገፉት ከራስ ከወለቀ፣ በአደጋ ጊዜ ከራሱ ቀድሞ የሚበርረው እርሱ ነው። ከኋላ የሚቀመጠው ሰውም ራስ አለው፤ ለእርሱ ሄልሜት ከሌለ መሳፈር የለበትም።

ክፍያ በጉዞ ብዛት ሲሆን

ሞተረኛው ለምን ይቸኩላል ለሚለው ጥያቄ «ወጣትነት» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። ዕቃ የሚያደርስ ሰው በአብዛኛው የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በጉዞ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጨመር አንድ ጉዞ የዕለቱን ገቢ ይለውጣል። ዘገየ ብሎ የሚደውል ደንበኛ፣ ቅሬታ የሚመዘግብ መተግበሪያ፣ የሞተሩ ዕዳ፣ ሁሉም አንድ ነገር ይነግሩታል፦ ፍጠን።

የሚገርመው የሚተርፈው ጊዜ ማነሱ ነው። 6 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር 9 ደቂቃ፣ በ60 ደግሞ 6 ደቂቃ ይፈጃል። ልዩነቱ 3 ደቂቃ ነው፤ እርሱም መንገዱ ላይ አንድም መብራት፣ አንድም አደባባይ ከሌለ። በመሃል ከተማ ያንን 3 ደቂቃ የመስቀል አደባባይ መብራት ብቻውን ይወስደዋል። ብዙ ጊዜ የሚባክነው ምግብ ቤት በር ላይ ትዕዛዝ ሲጠበቅና የማይገኝ አድራሻ ሲፈለግ ነው። ደንበኛው ቤቱን በትክክል ቢያመለክትና ስልኩን ቢያነሳ፣ ሞተረኛው በፍጥነት ሊያተርፍ ከሚሞክረው የበለጠ ይተርፋል። አሠሪዎችም የማድረሻ ሰዓትን ከርቀቱና ከሰዓቱ መጨናነቅ ጋር አገናዝበው ቢያስቀምጡ፣ ስለ ጥንቃቄ ከሚለጥፉት ማስታወቂያ ይበልጥ ሕይወት ያድናሉ።

ክልከላ፣ ቁጥጥር ወይስ መንገድ?

ጠንካራ ገደብ የሚደግፉ ሰዎች መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም። ሞተር በቀነሰ ቁጥር የሞተር አደጋ ይቀንሳል፤ ይህ ሒሳብ ነው። ነገር ግን ሥራው ይቀራል እንጂ ዕቃው መጓጓዙ አይቀርም። በመኪና ሲሄድ መንገዱን ይጨምራል፤ ያለ ፈቃድ በሚሄድ ሞተር ሲሆን ደግሞ ሥልጠናም ኢንሹራንስም የሌለው ሰው እጅ ይገባል። በሕግ ግዴታ የሆነው የሶስተኛ ወገን መድን ለተገጨ እግረኛ ሙሉ ትርጉም የሚኖረው ገጪው ታርጋ ሲኖረውና ቆሞ ሲገኝ ነው። ከሕግ ውጭ የሚሠራ ሰው ለመሸሽ ምክንያት አለው።

ቁጥጥርን የሚያስቀድሙት ቅጣት ሲጠብቅ ጠባይ ይታረማል ይላሉ። ሄልሜትንና ፍጥነትን በተመለከተ ብዙ አገሮች ውስጥ ተፈትኖ የሠራ ነው። ሆኖም ቅጣት ባለመኪናው ላይ ያለውን የማየት ችግር አይነካም፤ ማንም ሆን ብሎ አላየሁም አይልም። ለዚህ የሚያስፈልገው የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ነው። ለመኪና መንጃ ፈቃድ የሚሠለጥን ሰው ሞተርን ከምሰሶ ጀርባ መፈለግን፣ የሚመጣበትን ጊዜ መገመትን፣ በር በተቃራኒ እጅ መክፈትን ቢለማመድ ሥልጠናው በአንድ ሰዓት አይረዝምም።

መንገዱን የሚሠሩት ደግሞ ብዙ በእጃቸው አለ። መታጠፊያው ጋ የሚጋርድ ተክልና ማስታወቂያ ማንሳት፣ የታክሲ መቆሚያውን ከመንገዱ ማግባት፣ ለዜብራ ሸካራ ቀለም መጠቀም፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነት የሚያበርድ ነገር ማኖር። የመጨረሻው ለሞተር ራሱ አደጋ እንዳይሆን ተጠንቅቆ ነው፤ በድንገት የሚመጣ፣ ቀለሙ የለቀቀ ጉብታ ሌሊት ሞተረኛን ይጥላል። ሦስቱን አማራጮች ማወዳደር ካስፈለገ እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለመንገዱና ለሥልጠናው ነው፤ ቁጥጥሩ እነዚህ ባሉበት ይበልጥ ፍሬ ያፈራል።

ከግጭቱ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች

የአዲስ አበባ ሰው ወዳቂን አይቶ አያልፍም። ወዲያው ይሮጣል፣ አራት ሆኖ እጅና እግር ይዞ ያነሳል፣ ያገኘው መኪና ኋላ ወንበር ላይ ያስገባል። ደግነቱ የሚያኮራ ነው፤ አንገቱ ለተጎዳ ሰው ግን ያ አነሳስ የዕድሜ ልክ ሽባነት ሊያመጣ ይችላል።

ተጎጂው የሚተነፍስ ከሆነና ቦታው የማያሰጋ ከሆነ ባለበት መተው ይሻላል። አንድ ሰው መኪና በሚመጣበት በኩል ራቅ ብሎ ቆሞ የሚመጡትን መኪኖች ያስቁም። ሌላው የሞተሩን ቁልፍ ያጥፋ። አንዱ በ939 የከተማዋን እሳትና አደጋ ሥራ አመራር፣ ወይም በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ይጥራ። አንዱ ተንበርክኮ ራሱን ከነሄልሜቱ በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይዞ እንዳይንቀሳቀስ ያድርግ፤ ያናግረውም። የሚፈስ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ነው።

ሄልሜቱን ለማውለቅ መቸኮል አይገባም። መስታወቱን ከፍ አድርጎ አፍና አፍንጫው ክፍት መሆኑን ማየት ይበቃል። መተንፈስ ካቆመ ወይም እያስመለሰው ከታፈነ ብቻ ይወልቃል፤ ያኔም በሁለት ሰው ነው፣ አንዱ አንገትና አገጩን ከሥር ደግፎ፣ ሌላው ማሰሪያውን ፈትቶ በዝግታ ወደኋላ እየሳበ። የወለቀው ሄልሜት መንገድ ላይ መቅረት የለበትም። ከተጎጂው ጋር አምቡላንስ ውስጥ ይግባ፤ ሐኪሙ ጭንቅላቱ በየት በኩል፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ከስንጥቁና ከጭረቱ ያነባል።